በሁለት እግር ሦስት ዛፍ

በኅዳር መጀመሪያ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሙዓዊያ ባጃጁን እናቱ ቁርስ ቤት ደጃፍ ላይ አቁሞ «እማ፣ እንግዳ አመጣሁልሽ!» ሲል፣ ላጢፋ ከሚንቸከቸከው ዘይት ቀና ብላ መጀመሪያ ያየችው ሻንጣ ነበር። የሰው ደረት የሚደርስ አረንጓዴ የጀርባ ሻንጣ ከባጃጁ ውስጥ እየታገለ ወጣ፤ ከሥሩ ሁለት ቀጫጭን እግሮች ተከተሉ። ሻንጣው ዞር ሲል ፊት ታየ፤ ጥቁር፣ ክብ፣ ገና ሰላም ሳይባል መሳቅ የጀመረ የልጃገረድ ፊት።

«ይቺን ደግሞ ከየት ለቀምካት?» አለች ላጢፋ እጇን በሽርጧ እየጠረገች።

«ከቃሊቲ መናኸሪያ። ከሐዋሳ አውቶቡስ ነው የወረደችው። ርካሽ አልጋና ሥራ ያለበት ውሰደኝ አለችኝ። አልጋውን እንጃ፣ ሥራ ግን እናቴ ጋ ሞልቷል ብዬ ነዋ።»

«ሥራ? ከውጭ የመጣ ሰው እዚህ ሥራ ፈልጎ ያውቃል?»

«ዛምቢያ ናት እማ። ታንዲዌ ነው ስሟ። ዛምቢያን ታውቂያታለሽ?»

ላጢፋ አታውቃትም። እሷ የምታውቀው የተወለደችበትን የወሎውን ወረባቦን፣ ሰባት ዓመት የሠራችበትን ጂዳን፣ ከዚያ ወዲህ ሃያ አንድ ዓመት የኖረችበትን አቃቂን ነው። ከጂዳ ባመጣችው ጥሪት ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ዝቅ ብሎ ካለው መንገድ ዳር ይቺን ቤት ገዛች። ከፊት ለፊት ሻይ፣ ፉልና ቦምቦሊኖ ትሸጣለች፤ ከኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች ትኖራለች። ሹፌር ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱ የእሷና የሙዓዊያ ብቻ ነው።

እንግዳዋን አስቀምጣ ሻይ ቀዳችላትና ምርመራውን ጀመረች። አስተርጓሚው ሙዓዊያ ነው፤ እንግሊዝኛው ባጃጅ ላይ የተማረው ስለሆነ ከመታጠፊያና ከዋጋ ብዙ አያልፍም፣ ግን ይደፍራል።

«ዘመድ አላት እዚህ?»

«የለኝም ትላለች።»

«ንግድ ነው?»

«አይደለም።»

«ስለት አለባት? ወይስ ልትታከም ነው?»

«ጤነኛ ነኝ ትላለች። ከአገሯ ከወጣች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል። ገንዘቧ ሲያልቅ የደረሰችበት ከተማ ተቀምጣ ትሠራለች፤ ሲሞላላት ደግሞ ትቀጥላለች። ታንዛኒያ ቡና ለቅማለች፤ ናይሮቢ ሳህን አጥባለች፣ ልጅ ጠብቃለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉር ሠርታለች፣ ሦስቱንም ባንድ ጊዜ። አሁን ወደ ጅቡቲ ነው የምትሄደው።»

«ጅቡቲ ምን አላት?»

ሙዓዊያ ጠየቀና ራሱን አከከ። «ለማየት ነው ትላለች።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም።»

ላጢፋ ልጅቷን ትኩር ብላ አየቻት። ሰው ከአገሩ ሲወጣ ወይ ቸግሮት፣ ወይ ነግዶ ሊያተርፍ፣ ወይ ደግሞ ሐጅ ሊያደርግ ነው። ለማየት ብሎ የሚወጣ አልገጠማትም ነበር። ይቺ ወይ መካሪ ያጣች ናት፣ ወይ ደግሞ እኛ የማናውቀውን ታውቃለች፣ አለች በሆዷ።

ልጅቷ ግን ከፊቷ የቀረበላትን ቦምቦሊኖ ገመጥ አደረገችና በድንገት ሳቀች። ከተቀመጠችበት ተነስታ ወደ መጥበሻው ሄደች፣ ሊጡን በጣቷ ነካች፣ ጣቷን ላሰች፣ «ቪቱምቡዋ!» ብላ ጮኸች። የሙዓዊያ እንግሊዝኛ እዚህ ላይ ስላቃተው ልጅቷ ራሷ በእጇ አስረዳች። እናቷ ሉሳካ አውቶቡስ ተራ ላይ ይሄንኑ ጠብሳ ነው ያሳደገቻት። የእነሱ ግን ቀዳዳ የለውም፣ እንደ ብይ ክብ ነው። እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ሊጡን በግራ እጇ ጨበጥ አድርጋ በአውራ ጣቷና በጠቋሚዋ መሃል አንዷን ክብ ብቅ አደረገች፣ በማንኪያ ቆርጣ ዘይቱ ውስጥ ጣለች። ክቧ ዘይቱ ላይ ተንሳፋ ራሷን በራሷ ገለበጠች። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው ሻይ ይጠጡ የነበሩ የፋብሪካ ሠራተኞች አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ማየት ጀመሩ።

«ከእሱ ስጪን እስቲ» አለ አንዱ።

እስከ ሦስት ሰዓት ሊጥ የሚባል አልተረፈም። ላጢፋም ጓዳ የዱቄት ጆንያዎቹን ወደ አንድ ጥግ ገፍታ ፍራሽ ዘረጋችላት።

በሳምንቱ ሰፈሩ ሁለት ነገር አሳጠረ፤ ቪቱምቡዋ «ቱምቧ» ተባለ፣ ታንዲዌ ደግሞ «ታደለች» ተባለች። ልጅቷ ትርጉሙን ስትሰማ በጣም ደስ አላት። «ልክ ነው» አለች፣ «ታድያለሁ!»

መጀመሪያ የለመደችው አማርኛ «እሺ» ነበር። ቃሉ ይጣፍጣታል። ሻይ ድገሚን ሲሏት እሺ፣ ነገም ነይ ሲሏት እሺ፣ ልጄን አግቢልኝ ሲሏትም እሺ። ሁለተኛው ሥራዋም የመጣው በዚሁ እሺ ነው።

ጋሽ ተስፋሚካኤል በየጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ላጢፋ ጋ ሻይ የሚጠጡ የሰባ አራት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። አርባ ዓመት ሙሉ በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ትኬት ሲሸጡ ኖረዋል። ፈረንሳይኛ አቀላጥፈው ይናገራሉ፤ ችግሩ ዛሬ በፈረንሳይኛ የሚያናግራቸው ሰው አቃቂ ውስጥ የለም። የልጅ ልጃቸው አስካለማርያም ናይሮቢ ስትማር የተዋወቀችውን ኬንያዊ በጥር መጨረሻ ልታገባ ነው። የሙሽራው ወላጆች ከነዘመዶቻቸው ይመጣሉ፤ ቤተሰቡም «ታላቅ እርስዎ ነዎት፣ እንኳን ደህና መጣችሁ የሚለውን ንግግር የሚያደርጉት እርስዎ ነዎት» ብሎ ፈርዶባቸዋል።

«በእንግሊዝኛ!» አሉ ጋሽ ተስፋሚካኤል ለላጢፋ፣ ብርጭቆውን እያሽከረከሩ። «በሰባ አራት ዓመቴ!»

«አብሽሩ ጋሼ፣ አስተማሪዋ ይቻት» አለች ላጢፋ ታንዲዌን በአገጯ እያሳየች። «ታደለች፣ ጋሼን እንግሊዝኛ ታስተምሪልኛለሽ?»

«እሺ!»

ሦስተኛውን ሥራ ያመጣችው ነጅላ ናት፤ የላጢፋ የእህት ልጅ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ላይ ፀጉር ቤት ያላት። አንድ ቀን አክስቷ ጋ ቁርስ ልትበላ መጥታ የታንዲዌን ሹሩባ አየች። ጭንቅላቷ ላይ ወንዝ የሚመስል ቀጭን መስመር ከግንባሯ ተነስቶ ጆሮዋን ዞሮ ማጅራቷ ላይ ይገናኛል። ነጅላ ቁርሱን ረስታ በጣቷ መስመሩን ተከተለችው።

«ማን ሠራልሽ?»

«እኔ። በመስታወት።»

«በራስሽ እጅ? የራስሽን ማጅራት? ወላሂ አትዋሺ!» ነጅላ ወደ አክስቷ ዞረች። «አክስቴ፣ ይቺን ልጅ ከሰዓት ከሰዓት ስጪኝ።»

«ዕቃ ናት እንዴ የምሰጥሽ? እሷን ጠይቂያት።»

መልሱን ሁሉም ያውቀዋል።

እንዲህ ሆኖ ኑሮዋ ተደለደለ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ቱምቧ ትጠብሳለች። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከአራት ተኩል እስከ ስድስት ጋሽ ተስፋሚካኤል ግቢ፣ ከሎሚው ዛፍ ሥር እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ከዚያ ሙዓዊያ ባጃጅ ላይ ዘላ ገላን ትሄዳለች፤ ነጅላ ጋ እስኪመሽ ፀጉር ትጎነጉናለች። ምሳዋን የምትበላው ባጃጅ ላይ ነው። የዱቄት እጇን ሳታራግፍ ሽማግሌውን ለመጨበጥ ትሮጣለች፤ የሽማግሌውን ደብተር ይዛ ፀጉር ቤት ትገኛለች። አንድ ቀን ደንበኛዋን እየጎነጎነች «ድገሙት ጋሼ፣ ወደ ቤቴ እንኳን መጣችሁ» ስትል ሰምቶ ፀጉር ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ነበር።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለች ነጅላ ለአክስቷ።

«ይቺ ሦስት ነው የወጣችው» አለች ላጢፋ። «እስካሁንም አልወደቀች።»

ላጢፋን የገረማት ድካሟ አልነበረም። ድካምን ታውቀዋለች። የገረማት ልጅቷ ስትሠራ የምትስቀው ነው። እሷም ጂዳ ሳለች ከጠዋት እስከ ማታ ሠርታለች፤ አንድም ቀን ግን እየሳቀች አልነበረም። አንድ ከሰዓት፣ ፉል የሚሆን ባቄላ ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲለቅሙ፣ ታንዲዌ ያንኑ ጂዳን አነሳችው። አማርኛዋ በዚያን ጊዜ ድክ ድክ ማለት ጀምሮ ነበር፤ የጎደለውን ላጢፋ ከጂዳ ኩሽና በቃረመችው ጥቂት እንግሊዝኛ ትሞላዋለች።

«ማማ ላጢፋ፣ ጂዳ ባሕር አለ አይደል? ቀይ ባሕር። እኔ አሁን ልሄድበት ያለሁት። ምን ይመስላል?»

ላጢፋ አንድ ጠጠር ከባቄላው ለይታ ወደ ደጅ ወረወረች።

«ኩሽናው ምን እንደሚመስል ልንገርሽ» አለች። «መስኮቱ ግድግዳ ነው የሚያየው። ወለሉ ላይ አንድ መቶ አርባ ንጣፍ አለ፤ ሦስቱ የተሰነጠቁ ናቸው። ባሕሩን አንድ ቀን በመኪና ስናልፍ አይቼዋለሁ። በሁለት ፎቅ መሃል፣ ይህችን ታህል።» በአውራ ጣቷና በጠቋሚዋ መሃል ትንሽ ክፍተት አሳየች። «ያን ጊዜ ትንሹ ልጅ ጭኔ ላይ ያስታውክ ስለነበር፣ ደግሜ ቀና ስል የለም።»

በነገሩ ያለቀሰችበት ጊዜ ነበር። አሁን ስትናገረው ግን፣ በተለይ ትውከቱ ጋ ስትደርስ፣ ሳቋ መጣ። ታንዲዌም ሳቀች። ሁለቱ ባቄላውን አስቀምጠው እንባቸው እስኪወጣ ሳቁ። ከዚያ ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ፣ «አዲስ አበባንስ አይተሻታል?» አለቻት።

«እንዴት አላያትም! መርካቶ ስንቴ ሄጃለሁ።»

«ለዱቄት?»

«ለዱቄት። ለዘይትም።» ላጢፋ ጥቂት አሰበች። «ሳሪስ አቦም ገበያ ወጥቻለሁ። ለሽንኩርት።»

ታንዲዌ ባቄላዋን መልቀም ቀጠለች። ላጢፋ ግን ያን ዕለት ባቄላውን ከነጠጠሩ ነው የቀቀለችው።

የሠርጉ ሳምንት ደረሰ። ቅዳሜ ከሰዓት ነጅላ ወደ አክስቷ ቤት መጥታ፣ «ታደለችን ነገ ከማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እፈልጋታለሁ፤ ሙሽራዋን የምትሠራው እሷ ናት» አለች። ላጢፋ የምታማስለውን ማንኪያ ይዛ ቆመች። የሠርጉ ቤት ለእንግዶቹ አራት መቶ ቱምቧ ያዘዘው እሷን ነው፤ የሚጠበሰውም በዚያው ሰዓት ነው። ወዲያው ጋሽ ተስፋሚካኤል ከዘራቸውን እያስቀደሙ ገቡ።

«አስተማሪዬ ነገ በማለዳ መጥታ ንግግሩን ለመጨረሻ ጊዜ ልታለማምደኝ ቃል ገብታለች» አሉ። «አደራ እንዳትዘገይ!»

ሦስቱም ወደ ታንዲዌ ዞሩ።

«ለስንት ሰው ነው እሺ ያልሽው?» አለች ላጢፋ።

ታንዲዌ በጣቷ ቆጠረች። ሦስት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቋ ጠፋ። «ሁሉም... ትንሽ ትንሽ?» አለች።

በነጋታው ግን ነገሩ ብሶ ተገኘ። ገና ጎህ ሲቀድ የላጢፋ ስልክ ጮኸ፤ ነጅላ ናት፣ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ገላን መብራት የለም፣ ውኃም የለም። ሙሽራዋና ስምንት ሚዜዎቿ ፀጉር ቤቱን ሞልተው ቁጭ ብለዋል። ፀጉር ማድረቂያው ካስክ አይሠራም፣ መተኮሻው ፒያስትራ አይሠራም፤ ስለዚህ ዘጠኙም እንደ ታደለች ሹሩባ ይሠራልን ብለዋል። «ዘጠኝ ራስ አክስቴ! አምስት ሰዓት ቤተ ክርስቲያን መድረስ አለባቸው!»

ላጢፋ ሊጡን አየችው። ቡክ ብሎ ከሳፋው አፍ ወጥቷል። ታንዲዌን አየቻት። ልጅቷ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከትታ ሌላኛውን ጫማ በእጇ ይዛ የት እንደምትሮጥ ጠፍቷት ቆማለች።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ላጢፋ ራሷም ቆይታ ተደንቃበታለች። ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ከኢድና ከባሏ ለቅሶ በቀር፣ ያን ቤት ከፍታ ሳትውል ቀርታ አታውቅም። ያን ዕለት ግን ምድጃውን አጠፋች።

«ሙዓዊያ! ሊጡን ጫን። መጥበሻውን ጫን። ዘይቱን በክዳን። ሲሊንደሩን ራስህ እቀፈው።» ወደ ስልኩ ዞረች። «ነጅላ፣ ልጆቹን ሰብስበሽ ወደ ጋሽ ተስፋሚካኤል ግቢ አምጪያቸው። ማበጠሪያና መርፌ ክር እንዳትረሺ። ሁሉም ሥራ እዚያው አንድ ቦታ ይሠራል።»

«አንቺስ እማ?» አለ ሙዓዊያ።

«እኔማ ፀጉር እሠራለሁ። ወረባቦ እያለሁ የሰፈሩን ኮረዳ በሙሉ ሹሩባ የምሠራው ማን መሰለህ?»

የጋሽ ተስፋሚካኤል ግቢ ከአሮጌው ጣቢያ አጥር ጋር የተያያዘ ሰፊ ግቢ ነው። አንድ ሰዓት ላይ ከሎሚው ሥር ዘጠኝ ዱካ ተደርድሮ ዘጠኝ ልጃገረድ ተቀምጦበት ነበር። ታንዲዌ ከሙሽራዋ ጀምራ መስመሩን ታወጣለች፤ ላጢፋና ነጅላ ከኋላዋ እየተከተሉ ይጎነጉናሉ። የላጢፋ ጣቶች መጀመሪያ ተንገራገሩ፤ ሃያ ስምንት ዓመት ሊጥ እንጂ ፀጉር አልያዙም። ሁለተኛዋ ሚዜ ላይ ግን ተፈቱ። ሦስተኛዋ ላይ ላጢፋ ከልጅነቷ ጀምሮ ያልሞከረችውን የወሎ ሹሩባ አሠራር ከዛምቢያው መስመር ጋር አጋባችውና ታንዲዌ «ማማ!» ብላ በአድናቆት አጨበጨበች። ሚዜዋም መስታወት አስመጥታ፣ «እኔ ሙሽራዋ ብሆን ይሻለኝ ነበር» አለች።

ሙዓዊያ በአጥሩ ጥግ መጥበሻው ላይ ተደፍቷል። መጀመሪያዎቹ ሠላሳዎቹ የድንች ቅርጽ ነበራቸው፤ ላጢፋ ከሩቅ እያየች «ጨበጥ፣ ብቅ፣ ቁረጥ!» ትለዋለች። መሃል ላይ ጋሽ ተስፋሚካኤል ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ አንዲት ወረቀት ይዘው፣ ከሎሚው እስከ መጥበሻው እየተመላለሱ በእንግሊዝኛ ያነበንባሉ። ታንዲዌ ፀጉሩን እየጎነጎነች፣ አንገቷን ሳታዞር፣ «ጋሼ፣ 'ቤተሰብ' የሚለውን ድገሙት!» ትላለች፤ እሳቸው ይደግሙታል፤ ስምንቱ ሚዜዎችም አብረው ይደግሙታል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ በአጥሩ ቀዳዳ ያያል። የሙሽራዋ እናት ብቅ ብላ አየችና፣ ይሄ ሠርግ ነው ወይስ ትምህርት ቤት ብላ ተመልሳ ገባች።

አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ዘጠኙም ራስ አልቋል። አራት መቶ ቱምቧ ደግሞ በየትሪው ተከምሯል፤ እርግጥ ሠላሳው ድንች ነው።

ችግሩ የመጣው ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። የኬንያ እንግዶች ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው፣ ጋሽ ተስፋሚካኤል ተነስተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እጃቸውን ወደ ኮታቸው ኪስ ከተቱ። የለም። ሌላውን ኪስ። የለም። ላጢፋ ከዳሱ ጥግ ሆና ዓይኗ በየቦታው ሲባዝን፣ ከመጀመሪያው ትሪ ላይ፣ ከቱምቧዎቹ ሥር፣ ዘይት ጠጥቶ መስታወት የመሰለ ወረቀት አየች። የተጻፈበት ነው።

«ሙዓዊያ!» አለች ጥርሷን ነክሳ።

«ዘይቱን የሚመጥ ነገር ትሪው ላይ አንጥፍ አልሽኝ» አለ ሙዓዊያ በሹክሹክታ። «ወንበር ላይ ነበር...»

ታንዲዌ ከሚዜዎቹ ኋላ ቆማለች። ሽማግሌው በዓይናቸው ፈልገው አገኟት። እሷ፣ ከልብዎ ይናገሩ በሚል፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ጋሽ ተስፋሚካኤልም ተናገሩ። እንግሊዝኛው ስብርብር ያለ ነበር፤ ታንዲዌ ለላጢፋ በጆሮዋ ተረጎመችላት።

«እኔ ትኬት ሻጭ ነበርኩ» አሉ። «አርባ ዓመት ለሰው ትኬት ሸጥኩ። ሁሉም ሄደ። እኔ ቀረሁ። በኋላ ባቡሩም ቀረ፣ ጣቢያውም ተዘጋ። ዛሬ ባቡር ሳይኖር እናንተ መጣችሁ። እንኳን መጣችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ቤቴ ጣቢያችሁ ነው፤ ትኬት አያስፈልግም።»

የሙሽራው አባት፣ ረዥምና ግዙፍ ሰው፣ ከመቀመጫቸው ተነስተው መጥተው ሽማግሌውን ከነከዘራቸው አቀፏቸው። ከዚያ በኋላ እልልታው መቼ እንደቆመ ላጢፋ አታስታውስም። የምታስታውሰው እሷም ራሷ ወገቧን ይዛ ከኬንያ ሴቶች ጋር ስትውረገረግ፣ ልጇ ስልኩን አውጥቶ ሲቀርፃት ነው።

ከሦስት ቀን በኋላ ጋሽ ተስፋሚካኤል በልማዳቸው አራት ሰዓት ላይ መጡ። ታንዲዌ ጓዳ ሻንጣዋን ታዘጋጃለች፤ ለመንገዷ የሚበቃት ሞልቶላታል፣ ቪዛዋም ሳምንት ነው የቀረው። ሽማግሌው ከኪሳቸው ሁለት ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ለቡ፣ አዲሱ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄጄ ገዛሁት» አሉ። «ይሄ ትኬት ይባላል? በእኛ ጊዜ ትኬት ካርቶን ነበር፣ ሲበሱት ቀጭ ይል ነበር። ይሄ የሱቅ ደረሰኝ ነው!» አንዱን ወረቀት ወደ ጓዳው በር ገፉት። «ይሄ የአስተማሪዬ ነው፣ እስከ ድሬዳዋ። ይሄኛው ያንቺ ነው፣ ወይዘሮ ላጢፋ። ደርሶ መልስ።»

ላጢፋ ወረቀቱን አልነካችውም። «ድሬዳዋ ማን አለኝና ነው ጋሼ?»

«ማንም የለሽም። ለዚህ ነው የገዛሁልሽ።»

«ቤቱስ?»

«እኔ አለሁ» አለ ሙዓዊያ ከደጅ። «አራት መቶ ጠብሻለሁ።»

«ሠላሳው ድንች ነበር!»

«ሦስት መቶ ሰባው ግን ቱምቧ ነው እማ።»

ላጢፋ ሰበብ ፈለገች። የሚለብስ የለኝም ልትል ብላ የሠርጉን ቀሚስ አስታወሰች። እግሬን ያመኛል ልትል ብላ ሦስት ሰዓት የጨፈረችበትን ቪዲዮ ሰፈሩ ሁሉ ማየቱ ትዝ አላት። ታንዲዌ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ዓይኗን አንከራተተችባት።

«እሺ» አለች ላጢፋ። ከአፏ ሲወጣ ቃሉ እውነትም እንደሚጣፍጥ ያን ጊዜ ገባት።

ባቡሩ ውስጥ ላጢፋ መስኮቱን ለማንም አልለቀቀችም። አዳማን አለፉ፤ መተሐራ ላይ ሐይቁ ከሐዲዱ ጥግ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ከአዋሽ ወዲያ ደግሞ ግመሎች ከግራር ሥር እንደ ሽማግሌ ሰብሰብ ብለው ቆመው አየች። በእያንዳንዱ «እዪ! እዪ!» እያለች ታንዲዌን ስትጎስማት ልጅቷ በመጨረሻ ክርኗን ይዛ ተማጠነቻት። ፊት ለፊታቸው የተቀመጡ አንዲት የድሬ ሴት ብርቱካን አካፈሏቸው። ላጢፋ ደግሞ ቱምቧ አወጣች። ሴትዮዋ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቁ፤ ላጢፋም «ጨበጥ፣ ብቅ፣ ቁረጥ» ብላ እዚያው መቀመጫው ላይ በባዶ እጇ አስተማረች።

ድሬዳዋ ሁለት ቀን ውለው ያድራሉ፤ ከዚያ ታንዲዌ ወደ ጅቡቲ፣ ላጢፋ ወደ ቤቷ። በነጋታው ጠዋት ከዚራ በሚባለው ሰፈር የዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቀዝቃዛ ጭማቂ ሲጠጡ፣ ላጢፋ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ጠጠሩ ላይ ዘርግታ፣ ሥራ የሌለው ጠዋት ምን ያህል ረዥም እንደሆነ እየተደነቀች ሳለ ስልኳ ጮኸ።

«እማ፣ እርሾው ስንት ማንኪያ ነው?» ሙዓዊያ ይጮኻል፤ ከኋላው የደንበኞች ጫጫታና የዘይት ድምፅ ይሰማል። «ዛሬ ሊጡ ሞቶ አደረ!»

«ሁለት። ውኃው ለብ ይበል እንጂ አይፍላ።»

«ጋሽ ተስፋሚካኤል ሳህን እያጠቡ ነው። አትንገራት ብለውኛል። ነጅላም መጥታ ሻይ እየቀዳች ነው። መቼ ነው የምትመጪው?»

ላጢፋ ቀና አለች። ታንዲዌ ከመንገዱ ማዶ ከአንድ የሚኒባስ ረዳት ጋር በአማርኛ ዋጋ ትከራከራለች፤ ረዳቱ እየሳቀ ነው፣ ተሸንፏል ማለት ነው።

«ሐረር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው አሉ» አለች ላጢፋ ወደ ስልኩ፣ በአንድ እጇ ጫማዋን እየፈለገች። «ደርሰን ማታ እንመለሳለን። በል ዝጋ፣ መኪናው ሊሞላብን ነው።»